ለጥበብ ማዕከል የሚሰጥ ጥቂት ነው፤ ለአንድ ቆርቆሮ የሚሰጥ ብዙ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከኮዬ ፈጬ እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ቡራዩ፣ ከአዲስ አበባ ዳር ዳሩ የመጡ ደብዳቤዎች ተጠራቅመውብናል። ሁሉም ስለ ሰፈር የሥዕል ቤት ነው። ብዙዎቹ በሥዕል ይጀምሩና በገንዘብ ያልቃሉ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ የምንኖር 14 ወጣቶች የሰፈሩ ልጆች ሥዕል የሚማሩበት፣ ሥራም የሚታይበት አንድ ክፍል ለመሥራት ተነሥተናል። ነዋሪውን ሰብስበን “ለጥበብ ማዕከል ግንባታ” ብለን ጠየቅን። ብዙ ሰው ቃል ገባ፣ ተጨበጨበ። እስካሁን የገባው ግን ቃል ከተገባው አንድ አምስተኛ አይሞላም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ነዋሪው አልዋሻችሁም። የጠየቃችሁት ነገር ነው ቅርጽ ያልነበረው። “የጥበብ ማዕከል” ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ነገር የለም። ስንት ብር ምን እንደሚሠራም ስለማያውቅ ጎረቤቱ የጠራውን ሰምቶ ያንኑ የሚመስል ቁጥር ይጠራል፤ ቤቱ ሲገባ ቁጥሩ ያስደነግጠዋል። ጥያቄውን መንዝሩት።

ክፍሉ 6 በ8 ሜትር ነው እንበል። ጣሪያው ወደ ሁለት ጎን የሚወርድ፣ በዙሪያው 70 ሳንቲ ሜትር ከግድግዳ የሚወጣ ይሁን። ርዝመቱ 9.4 ሜትር፣ የእያንዳንዱ ቁልቁለት ደግሞ 3.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለት ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮዎች በ15 ሳንቲ ሜትር ሲደራረቡ 3.85 ሜትር ይሸፍናሉ። ጎን ለጎን ሲደራረቡ አንዱ የሚይዘው ስፋት 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በርዝመቱ 13 ይገባል። 13 በ2፣ እሱም በሁለት ጎን፣ 52 ቆርቆሮ ይሆናል። ኮልሞ የሚባለው የአናት መክደኛ 5፤ ባለ ቆብ ሚስማር ለአንድ ቆርቆሮ ከ9 እስከ 10፣ በጠቅላላው 500 ገደማ። የቆርቆሮውን ውፍረት የሚለካውን ቁጥር፣ ጌጁን፣ በወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። 32 ጌጅ ርካሽ ነው፣ ሰው የወጣበት ዕለት ግን ይታጠፋል። ብዙ ሰው ለሚገባበት ቤት 28፣ አቅም ካጠረ 30 ይሁን።

ከዚህ በኋላ “አንድ ቆርቆሮ ከነሚስማሩና ከነመጓጓዣው” ብላችሁ ዋጋ አውጡ። ይህ አንድ ድርሻ ነው። ብቻውን የማይችል ለሦስት ሆኖ አንዱን ይግዛ። ጣሪያውን በትልቅ ካርቶን ላይ ሥላችሁ 52 ሳጥን አድርጉና ሰው የሚያልፍበት ቦታ ስቀሉት። ሳጥኑ የሚቀባው ገንዘቡ ከገባ በኋላ ብቻ ነው፤ በቃል የተቀባ ሳጥን ካርቶኑን በሙሉ ያስጠረጥራል። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ አለ፤ የክርስትና ስሙን ወይም “የአላህ ባሪያ” ብሎ የሚያስጽፍ እንዳለ ከቤተ እምነቱ መዋጮ ታውቃላችሁ። እንደፈለገው ጻፉለት።

ስለ ቃሉ ደግሞ፦ ወደ ኪስ ያልገባን ብር በበጀት ላይ ዜሮ ብላችሁ መዝግቡት። በሚቀጥለው ስብሰባ መውጫው በር ላይ ጠረጴዛ አስቀምጡ፤ የቴሌብር ኪውአር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ደረሰኝ እዚያው ይኑር። በዕለቱ ያልቻለ ሰው አንድ ቀን ብቻ ይቆረጥለት፤ የሚመረጠውም የእድር ክፍያ የሚሰበሰብበት የወሩ መጀመሪያ እሑድ ነው። ሁለት ጊዜ በአካል አስታውሱት፤ ከዚያ ስሙን ከዝርዝሩ በዝምታ አውጡ። በድምፅ ማጉያ የከፋዮችን ስም እየጠሩ ያልከፈለውን ማሳፈር አንድ ጊዜ ይሠራል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

ወቅቱንም ምረጡ። መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያና የበዓል ወጪ አለበት፤ ጥር ሠርግ ነው። ጥቅምትና ኅዳር፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ብሩ ሞልቶ እስኪገባም አትጠብቁ፣ ዋጋው ይቀድማችኋል። እየገባ ግዙ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አለው። ቆርቆሮ፣ ብረትና ሚስማር ይቆያሉ፤ ቀድመው ይገዙ። ቆርቆሮውን እርጥብ ሆኖ አትደራርቡት፣ ውሃ በመካከሉ ከታመቀ ነጭ ዝገት ይይዘዋል። አሸዋና ድንጋይ የሚመጡት ሥራው በሚጀመርበት ሳምንት ነው፤ ቀድሞ የተራገፈ አሸዋ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ጎረቤትም ይበደረዋል። ሲሚንቶ መጨረሻ ነው። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ኃይሉ ይደክማል። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩት።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነን። እስካሁን የተዋጣው ገንዘብ በአንዱ ጓደኛችን የግል ሒሳብ ውስጥ ነው። ታማኝ ልጅ ነው። ማኅበር መመዝገብ ግዴታ ነው ወይ?

መልስ፦ ታማኝ ከሆነ እሱን ለማዳን ሲባል በዚህ ሳምንት አውጡት። አንድ ሰው ታመመ፣ ስልኩ ጠፋ፣ የራሱን ብር ከማኅበሩ ብር መለየት አቃተው፤ ሐሜቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው እንጂ ከሌብነት አይደለም። ቢያንስ በሦስት ሰው ስም ጣምራ ሒሳብ ክፈቱ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሳይፈርሙ የማይወጣበት ይሁን። ሦስቱ ዘመዳሞች አይሁኑ፤ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መርማሪውም አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። የድሮ እድሮች ሣጥናቸውን ሦስት ቁልፍ የሚያደርጉት ሌባ ፈርተው ብቻ አልነበረም።

ምዝገባን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሁለት ምቹ መንገድ አለው። አንዱ ማኅበር ነው፤ አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ያቋቁሙታል፣ የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሁለተኛው በቦርድ የሚመራ ድርጅት ነው፤ ሁለት መሥራቾች ይበቁታል። የሰፈር የሥዕል ቤት ለማኅበሩ ይቀርባል፤ ነዋሪው አባል ሆኖ ድምፅ ስላለው በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ስትጠይቁ ባለቤት ነው የምትጠይቁት። ይኸው አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የጽሕፈት ቤት ወጪያችሁን ከአሁኑ ለይታችሁ መዝግቡ። እድርና እቁብ ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። እናንተ ያላችሁት በሸገር ከተማ፣ በኦሮሚያ ክልል ነውና መጀመሪያ የክልሉን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ቀን ተሰልፎ “እዚያው ተመለሱ” መባል የተለመደ ነው።

ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ ባለ ሁለት ቅጂ ይታተም። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድም፤ “ተሰርዟል” ተብሎ በጥራዙ ውስጥ ይቀራል። በዓይነት የሚሰጥ ዕቃም፣ ወንበሩም በርሜሉም፣ እንደ መሥሪያ ቤት የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ እንደ ሞዴል 19፣ ተቆጥሮ በሁለት ፊርማ ይግባ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመዝገቡን ገጽ በስልክ አንስታችሁ ቴሌግራም ቡድናችሁ ላይ ልቀቁት። የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ መለቀቁን ግን ሁሉም ያውቃል።

ጥያቄ፦ ቶምቦላ ብናወጣስ? በግ፣ ስልክና ሁለት ሥዕል ሽልማት አስበናል።

መልስ፦ ትኬት ሸጦ በዕጣ ሽልማት ማውጣት የብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይፈልጋል። ያለ ፈቃድ አትጀምሩት፤ “ትንሽ ነው፣ ለበጎ ነው” የሚለው አያድንም። ፈቃዱ ካልሆነላችሁ በጉን ለጨረታ አቅርቡት።

ጥያቄ፦ አቃቂ ነው የምኖረው። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ልጆቹ መጥተው ከእድሩ ካዝና ለሥዕል ቤት እንድንሰጣቸው ይጠይቃሉ። እድር ለለቅሶ የቆመ ነው። እምቢ ማለቴ ልክ አይደለም?

መልስ፦ ልክ ነዎት። ለቅሶ ተብሎ የተዋጣ ብር ለቀለም አይውልም፤ ይህን ለማድረግ ቢፈለግ እንኳ ጠቅላላ ጉባኤው በደንቡ መሠረት መወሰን አለበት። ይሁንና እድርዎ ከብር ሌላ ብዙ ነገር አለው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው በወር ውስጥ ብዙውን ቀን መጋዘን ነው የሚውለው። የኪራይ ዋጋ ሳይሆን የእንክብካቤ መያዣ አስይዘው ለአንድ ቅዳሜ ያውሷቸው። አራት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ ስንት ዕቃ እንደወጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ለተሰበረ ማን እንደሚከፍል፣ ለቅሶ ከወደቀ ልጆቹ ዝግጅቱን አቋርጠው ድንኳኑን በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደሚመልሱ። አራተኛዋን ሳይፈርሙ አይስጡ። ድንኳን እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ እንደሚሻግት ያውቃሉና ሲመልሱ ዘርግተው ያሳዩዎት።

ልጆቹ ከእድሩ የሚያገኙት ትልቁ ነገር ሌላ ነው። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ክፍያ ሲሰበሰብ አጠገቡ የራሳቸውን ጠረጴዛ ያስቀምጡ ዘንድ ይፍቀዱላቸው። ሁለቱ ገንዘቦች ግን በአንድ ደብተር አይጻፉ።

ጥያቄ፦ ሰበታ ውስጥ በመንገድ ዳር ግንብ ላይ 12 ሜትር ርዝመት፣ 2.5 ሜትር ቁመት ያለው ሥዕል በዘይት ቀለም ሠራን። ገና ዓመት ሳይሞላው እየተላጠ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ቀለሙ አስመስሎ የተሠራ ይሆን? ድጋሚ ለመሥራት ስንት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ቀለሙን ከመክሰሳችሁ በፊት ግንቡን ዙሩት። ከኋላው አፈር የተሞላ ደጋፊ ግንብ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ በክረምት አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው በግንቡ ውስጥ አልፎ ወደ እናንተ ሥዕል ይወጣል፣ ሲደርቅ የያዘውን ጨው ጥሎ ይሄዳል። ነጩ ዱቄት ያ ነው። የዘይት ቀለም እርጥበት ስለማያስተነፍስ ውሃው ከኋላ እየገፋ እንደ ቆዳ ይገፈዋል። ሌላም ምክንያት አለ፦ አዲስ ልስን ላይ የተቀባ የዘይት ቀለም ከሲሚንቶው ኖራማ ባሕርይ ጋር ተዋህዶ ወደ ሳሙና ይለወጥና ይላጣል። ለዚህ ነው አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ መቆየት ያለበት።

መመርመሪያው ቀላል ነው። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ግንቡ ላይ በአራቱም ጎን በፕላስተር አጣብቃችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ፣ በግንቡ በኩል ካለ ውሃው የሚመጣው ከግንቡ ነው። እንዲያ ከሆነ የውሃ ማፋሰሻ ቀዳዳ ሳይበጅለት ሌላ ግንብ ፈልጉ። ይህን የምንለው ገንዘብ ከሰው ለምናችሁ ስለምትሠሩ ነው፤ አንዴ የተላጠ ሥዕል ሁለተኛውን መዋጮ ይገድላል።

ግንቡ ደህና ከሆነ ጥቅምት ማለቂያ ድረስ አድርቁት። ጨውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ በውሃ ብታጥቡት ቀልጦ ይመለሳል። አሮጌ የዘይት ቀለም ስትፍቁ ግን ገጹን አርጥባችሁ ፋቁ፤ በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ይገባ ስለነበር ብናኙን ልጆች እንዳይስቡት። ቀዳዳውን በውጭ ስቱኮ ድፈኑ፤ ጀሶ በዝናብ ስለሚላላ ለውጭ አይሆንም። ከዚያ ፕራይመር፣ በላዩም የውጭ ውሃ ቀለም።

መጠኑ፦ 12 በ2.5፣ 30 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ውሃ ቀለም ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሻካራ ልስን ላይ 8ን ያዙ። ለመደብ ሁለት ጊዜ ሲቀባ 60 ካሬ ሜትር፣ ማለት 7.5 ሊትር፣ ሁለት ባለ 4 ሊትር ጋሎን ይሆናል። ፕራይመር 4 ሊትር። ለሥዕሉ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ጥቁር እያንዳንዳቸው 1 ሊትር፣ ነጭ 4 ሊትር፤ ነጩ ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ፀሐዩ ደማቅ ቀይና ቢጫን ቶሎ ያነጣል። የብረት ኦክሳይድ ያለባቸው የአፈር ቀለሞች፣ ጡብ ቀይና ሸክላማ ቢጫ፣ ይቆያሉ። ንድፋችሁን በእነሱ ዙሪያ ብትሠሩት አታፍሩም።

ንድፉን ለማስተላለፍ 120 በ25 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሥላችሁ በ5 ሳንቲ ሜትር ካሬ ክፈሉት። ግንቡን በ50 ሳንቲ ሜትር ካሬ በኖራ በተነከረ ሲባጎ መትታችሁ አስምሩ። 24 በ5፣ 120 ካሬ ይወጣል፤ ለልጅ ሁሉ ካሬ ካሬ ማከፋፈልም ይቻላል። ከታች 40 ሳንቲ ሜትሩን ሥዕል አትሥሩበት፤ ጥቁር ቡናማ ቀብታችሁ ተዉት። ዝናብና መኪና ጭቃ የሚረጨው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ከገላን ነን። ለሥዕል ቤቱ የታሰበው ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ካርታ የለውም፣ ግን “ግዴለም፣ ሥሩ” ተብለናል። በብሎኬት ይሻላል በጭቃ?

መልስ፦ “ግዴለም” ያለው ሰው ነገ ይዛወራል፤ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ካርታ በሌለበት ቦታ የሕዝብ ገንዘብ መሬት ውስጥ አትቅበሩ። ቢያንስ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ የሚነቀል ቤት ሥሩ፦ የብረት ቋሚና አግዳሚ በብየዳ ሳይሆን በቡሎን የታሰረ፣ ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ቺፑድ። ጥሩ ልኬት ከወሰዳችሁ አሥር ሰው በአንድ ቀን ይነቅለዋል። ቡሎኑ በየዓመቱ ቅባት ይፈልጋል፤ የዛገ ቡሎን ከብየዳ አይለይም።

ካርታ ካለ ስለ አፈሩ እንነጋገር። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ጥልቀት በሌለው መሠረት የቆመ ብሎኬት ከመስኮት ማዕዘን ጀምሮ ሰያፍ ይሰነጠቃል፤ ልስን ደጋግሞ መቀባት አያድነውም። ጥቁሩን አፈር አውጥታችሁ በቀይ አሽ ወይም በተመረጠ አፈር ሙሉት፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቃችሁ። ውሃ ከመሠረቱ ይራቅ፦ አሸንዳ ይኑረው፣ በዙሪያው 1 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ይሠራለት። ባሕር ዛፍ አጠገቡ አትትከሉ፤ ውሃውን እየመጠጠ የአፈሩን መንቀሳቀስ ያባብሰዋል።

የጭቃ ቤት እንደ ድሃ ቤት መታየቱ ይቆጨናል። አርቲስት ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መካኒሳ አካባቢ ያቆሙት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው፤ ሄዳችሁ ግድግዳውን በእጃችሁ ንኩት። ቁም ነገሩ አሠራሩ ላይ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ ሳምንታት ይቡካ፤ ያልበሰለ ጭቃ ሲደርቅ ይተረተራል። የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቁ አይቀርም፣ ለዚያ ነው ሁለተኛው ደቃቅ ጭድ የሚገባበት። ግድግዳው ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር በድንጋይ ይነሣ። የቋሚዎቹን ሥር ለምስጥ በተቃጠለ ዘይት ቀቡት። በጭቃ ላይ በቀጥታ የሲሚንቶ ልስን መለሰን ግን የተለመደ ስህተት ነው፤ ጭቃው ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ እንደ ቅርፊት ይወድቃል። የግድ ከሆነ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ወጥሩበት።

ጥያቄ፦ ለሥዕል ክፍል መስኮት በሰሜን በኩል ይሁን ይባላል። ለቡራዩም ይሠራል?

መልስ፦ ግማሹ። ያ ምክር የመጣው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ከምትሄድበት አገር ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆንን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በሰሜናችን ናት። ደግነቱ የዚህ ጊዜ ሁለተኛ አጋማሽ ደመና ነው። የሰሜኑን መስኮት ምረጡ፤ ግን የጣሪያው ክፈፍ 70 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፣ ለሚያዝያና ለግንቦት ነጭ አቡጀዲ መጋረጃ ይኑር። ከጣሪያ ብርሃን ለማስገባት ብርሃን አሳላፊውን ቆርቆሮ የምታደርጉ ከሆነ በሰሜኑ ቁልቁለት ብቻ፣ ከላይ ባሰላነው ጣሪያ በአንድ ጎን ካሉት 26 ቆርቆሮዎች 3 ወይም 4 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ኮርኒስም አስቡ፤ ያለ ኮርኒስ በሐምሌ ዝናብ ወቅት አስተማሪው አይሰማም።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ላይ የገቢ ማሰባሰቢያ ዐውደ ርእይና ጨረታ እያዘጋጀን ነው። ሠዓሊዎች ሥራቸውን በነፃ እንዲሰጡን ጠይቀናል፤ ሁለቱ ቅር አላቸው።

መልስ፦ ቅር ቢላቸው አይፈረድም። ሐኪሙ ከደመወዙ ትንሽ ሲያዋጣ ሠዓሊው የወር ሥራውን በሙሉ አምጣ ይባላል። የሸራና የቀለም ወጪው ቀድሞ ይመለስለት፤ ከቀረው ቢያንስ 30 በመቶው የእሱ ይሁን። መነሻ ዋጋውን እሱ ራሱ ይወስን፤ ካልተነሣ ሥራው ይመለሳል፣ በጭብጨባ ግፊት በግማሽ ዋጋ አይሸጥም። ይህ በአንድ ገጽ ይጻፍና ይፈረም። ሥዕል የገዛ ሰው ሸራውን እንጂ የማባዛት መብቱን እንዳልገዛም ጻፉ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ያ መብት ካልተላለፈ ከሠዓሊው ጋር ይቆያል። ፖስተርና ካላንደር ልታትሙ ካሰባችሁ ለብቻው አስፈቅዱ።

በጨረታው ቀን ሥዕሉን ቀድማችሁ አታውጡ። በድፎ ዳቦ ወይም በአንድ ጀበና ጀምሩ፤ ሰው ዋጋ መጥራት የሚለማመደው በሚያውቀው ነገር ላይ ነው። ትልቁ ሥራ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ይምጣ። አሸናፊው ከመቀመጡ በፊት ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ይክፈል። ሥዕሎቹን ስትሰቅሉ የእያንዳንዱ መሐል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን፤ በግድግዳውና በሸራው መካከል 3 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ቡሽ ወይም እንጨት አስገቡ። በክረምት ከጭቃም ከብሎኬትም የተለጠፈ ሸራ በጀርባው ይሻግታል።

ጥያቄ፦ ቤቱ ተከፍቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሞልቶ ነበር፤ አሁን አብዛኛውን ቀን ዝግ ነው። ወጪውስ ከየት ይምጣ?

መልስ፦ በሳምንት ስድስት ቀን እከፍታለሁ ብሎ ሁለት ቀን የሚዘጋ ቤት፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከፍቶ ከማይቀር ቤት ያንሳል። ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ብላችሁ ጀምሩ፤ በሩ ላይ በቀለም ጻፉት።

ወጪውን በልጅ አስሉት። 20 ልጆች በወር አራት ቅዳሜ ሲመጡ፣ ለአንዱ በቀን ሁለት ወረቀት ብንል 160 ወረቀት ነው። እርሳስ ለልጅ አንድ፤ ግማሽ ያህሉ እየጠፋ ስለሚሄድ በየወሩ 10 ጨምሩ። ቀለም በጋራ ገበታ ይቀርባል እንጂ ለየልጁ አይታደልም። ባለ 1 ሊትር የውሃ ቀለም አምስቱ ዋና ቀለሞች ብዙ ጊዜ ወራት ይቆያሉ፤ ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ ግን በአንድ ሳምንት ይደርቃሉ። ይህን በሰፈራችሁ ዋጋ አባዙና ለ20 አካፍሉት፤ የወር ክፍያው ይኸው ነው። የማይችል ልጅ ሲኖር አንድ ካርቶን ላይ እንደ ቆርቆሮው “የአንድ ልጅ ወር” ብላችሁ ለሽያጭ አቅርቡ። ጣሪያውን የገዙት ሰዎች ይህንንም ይገዛሉ።

ቤቱ ግን የሚዘጋው በብር ማነስ ብቻ አይደለም። ደብዳቤያችሁን ደግመን ስናነበው ቁልፉ ያለው ከተማ ወርዶ ሥራ በገባ አንድ ልጅ እጅ ነው። ሦስት አስቀርጹ። አንዱ ለአስተማሪው፣ አንዱ ለገንዘብ ያዡ፣ ሦስተኛው ከጎናችሁ ላለው ሱቅ፤ ባለሱቁ ጠዋት ቀድሞ ይከፍታል፣ ማን ወስዶ ማን እንደመለሰም ያያል።